አልሰጠኋትም ያልኩት ቁልፍ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ባለቤቴ አታውቀውም፤ ልጆቼም አያውቁትም። የንስሐ አባቴ ፊት ስንት ጊዜ ቀርቤ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ ጾም መግደፌን ተናዝዣለሁ፤ ይሄኛውን ግን ዋጥ አድርጌው እመለሳለሁ። ሌላውን ኃጢአት የምዘረዝረው ይህንን ለመሸፈን እንደሆነ ካህኑ ባያውቁም እኔ አውቃለሁ። ለእናንተ መናገር የቀለለኝም ፊቴን ስለማታዩት ይመስለኛል። ይህም ራሱ ፈሪነት ነው። ይሁን።

እኔ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ፤ ሒሳብ አስተምራለሁ። የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የግቢው አይደለም። ተወልጄ ያደግሁት ሰበታ ነው። ቤታችን ውስጥ አባቴ በአማርኛ ይቆጣል፣ እናቴ በኦሮምኛ ታባብላለች፤ አፌን የፈታሁት በሁለቱም ነው። ያን ጊዜ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ከእናቴ ቤት ብዙም ሳልርቅ እዚያው ሰበታ ተከራይቼ እየተመላለስኩ አስተምር ነበር።

ለሊሴ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበረች፤ ሱሉልታ አካባቢ ከሚያርሱ ቤተሰቦች የመጣች። በሁለተኛው ፈተና ላይ አንድ ጥያቄ እኔ ባላስተማርኩት መንገድ፣ ከእኔ መንገድ በግማሽ ባጠረ መንገድ ሠርታው አየሁ። በማግስቱ ጠርቼ ሰሌዳው ፊት አቆምኳት። ጠመኔውን ይዛ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረች፤ የምትናገረው ለራሷ እንኳ የሚሰማ አይመስልም። ከኋላ አንዱ «ድምፅ!» ብሎ ጮኸ፤ ክፍሉ ሳቀ። የጠፋባት መልሱ አልነበረም። በየትኛው አፍ እንደምትናገረው ነበር የጠፋባት። በአማርኛ ብትል አነጋገሯን ይስቁበታል፤ በእንግሊዝኛ ብትል ይብሳል።

ጠጋ ብዬ ዝግ ባለ ድምፅ «ሂን ሶዳቲን» አልኳት። አትፍሪ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞሬ፣ «የሳቀው ይምጣና ይጨርሰው» አልኩ። ማንም አልመጣም። እሷ ጨረሰችው።

ይህንን የምነግራችሁ ደግ መምህር ነበርኩ ለማለት አይደለም። በኋላ ያደረግሁት ምን እንዳፈረሰ እንድታውቁ ነው። ተማሪ ክፍል ውስጥ ትምህርት ብቻ አይማርም፤ መምህሩን ያነብባል። እኔ ስስቅ ይስቃሉ፣ እኔ ሳከብር ያከብራሉ። ያንን አውቅ ነበር። አውቄው ነው ያደረግሁት።

በሦስት ወር ውስጥ ያቺ ልጅ ሌላ ሰው ሆነች። መጀመሪያ ሁለት የመኝታ ክፍል ጓደኞቿን ማስጠናት ጀመረች፤ ቀጥሎ አሥር፣ ቀጥሎ ቦታ የማይበቃቸው ሆኑ። አንድ ቀን ቢሮዬ መጥታ በር ላይ ቆመች።

«ቲቸር፣ ቅዳሜ ከሰዓት ክፍል ሰባት ባዶ ነው። ብንቀመጥበት ይቆጡናል?»

መሳቢያዬን ከፍቼ ቁልፉን ሰጠኋት። ደንቡ ቁልፍ ለተማሪ የሚሰጠው በፊርማ ነው ይላል። እኔ ግን ወረቀት ማስሞላት ሰለቸኝ።

«ማንም ቢጠይቅሽ መምህሬ ሰጥቶኝ ነው በይ» አልኳት። «የምመልሰው እኔ ነኝ።»

ይህን አልኩ። በዚህ አፌ አልኩ።

ክፍል ሰባት ውስጥ የሆነውን ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል። ከድር የሚባል ዓይነ ስውር የሕግ ተማሪ ነበር፤ ቤተሰቦቹ ቡራዩ ጨርቅ ይነግዳሉ። የሚያነብለት አጥቶ ትምህርቱን ሊያቋርጥ ተቃርቦ ነበር። ለሊሴ ማንንም አልሰበከችም፤ ዝም ብላ ተራ አወጣች። የዛሬ አንባቢ አንተ፣ የነገ አንቺ። የታመመ ሲኖር ምግብ የሚያደርስለት ሰው ይመደባል። ማስታወሻ የሌለው ይቀዳል። እሷ ሰሌዳው ፊት ለመቆም ያገኘችውን ድፍረት ለእያንዳንዳቸው እየቆረሰች ታካፍላቸው ነበር ብል ይቀለኛል። የትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ላይ «የእርስዎ ተማሪዎች እንዴት ነው እንዲህ የሚረዳዱት?» ተብዬ ተጠየቅሁ። እኔ ምን አልኩ? «ክትትል ነው» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። የለሊሴን ስም አላነሳሁም። ሲመሰገን የእኔ ነበር።

ከዚያ አዲስ አበባን በዙሪያዋ ባለው የገበሬ መሬት ላይ ያሰፋል የተባለው፣ ማስተር ፕላን የሚባለው ቃል መጣ። ቃሉ የእንግሊዝኛ ነው፤ ገበሬው ግን ትርጉሙ ከሁላችንም ቀድሞ ገባው። ሱሉልታም፣ ቡራዩም፣ ሰበታም፣ ሰው ሲገናኝ ሰላምታው ሳያልቅ ወሬው መሬት ሆነ። አንድ ጠዋት ሚኒባሳችን ፉሪ ላይ አራገፈን፤ ከፊት ድንጋይ ተደርድሯል፣ ጎማ ይነድዳል። አንድ ሳምንት መንገዱ ይከፈታል፣ ሌላ ሳምንት ይዘጋል። ግቢ ውስጥ ትምህርት ይጀመራል፣ ይቋረጣል። ወንድሙ የሞተበት ተማሪ ነበረ፤ አባቱ የታሰረበት ነበረ። ምግብ ቤት ውስጥ ተማሪው እንደ ቋንቋው ተለያይቶ መቀመጥ ጀመረ። ትናንት አብሮ ያጠና ዛሬ ትሪውን ይዞ ሌላ ጠረጴዛ ይፈልጋል።

ክፍል ሰባት ብቻ አልተለያየም። ለሊሴ ተራውን አላስቀረችም። ለከድር የጎጃም ልጅ ያነብባል፤ የወለጋዋ ልጅ ለጎንደሬው ሒሳብ ታሳያለች። አንድ ጊዜ በመስኮት አይቻቸው አለፍኩ፤ ማንም ቀና አላለም።

ስልክ የሚቋረጥበት ጊዜ ነበር። ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ወሬ አጥተው ይጨነቃሉ። ለሊሴ አንድ ሰማያዊ ደብተር አዘጋጀች፤ የተማሪው ስም፣ የመጣበት ከተማ፣ የቤተሰቡ ስልክ። ከመሃላቸው አንዱ ስልክ ወደሚሠራበት ሰፈር መውጣት ሲችል ደብተሩን ይዞ ለሁሉም ቤተሰብ ይደውላል። «ልጅዎ ደህና ነው፤ ደህና ናት» ብሎ ይዘጋል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነበር።

እኔም መንገድ ተዘግቶብኝ ግቢ ሁለት ቀን ቀረሁ። በሁለተኛው ቀን ለሊሴን ሳገኛት፣ «ቲቸር፣ ለእናትዎ ደውዬላቸዋለሁ፤ አይጨነቁ» አለችኝ። ቁጥሩን በፊት አንድ ቀን ሰጥቻት ነበር።

«ደብተሩ ላይ አልጻፍኩትም» ስትል ጨመረች። «በቃሌ ነው የያዝኩት። መምህር ስለሆኑ ነገር እንዳይመጣብዎ።»

እሷ እኔን እንዲህ ጠበቀችኝ።

ከአሥር ቀን በኋላ ክፍሎቹ ተፈተሹ፤ ክፍል ሰባት ውስጥ ሰማያዊው ደብተር ተገኘ። ስም፣ ከተማ፣ ስልክ። ፍርሃት ያለበት ዓይን ሲያየው ምን እንደሚመስል መገመት አያቅታችሁም። አድመኛ የሚጠራሩበት ዝርዝር ነው ተባለ። ለሊሴን ጠሯት። ክፍሉን ማን ከፈተልሽ ሲሏት ቁልፉን መምህሬ ሰጥቶኝ ነው አለች፤ ስሜን ተናገረች። በይ ያልኳትን ነው ያለችው። ያን ቀን ከሰዓት እኔም የዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት ተጠራሁ።

ክፍሉ ጠባብ ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ አንድ ሸምገል ያሉ፣ ሰው መጉዳት የማይወዱ መምህር ነበሩ። ከጎናቸው ሁለት የኮሚቴ አባላት ተቀምጠዋል። ጥግ ላይ ደግሞ የግቢያችን ያልሆነ ሰው እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ለሊሴ ግድግዳው ሥር ቆማለች። እኔ ስገባ ፊቷ ፈታ አለ። አያችሁ? ስገባ ደስ አላት። መጣልኝ ብላ።

ሰብሳቢው እንዲህ አሉኝ፤ «ነገሩን አቅልለህ እየው። ቁልፉን የሰጠሃት አንተ ከሆንክ፣ ጥናቱም ደብተሩም በአንተ ዕውቀት የተደረገ ከሆነ፣ የአስተዳደር ጉድለት ነው። ላንተ ማስጠንቀቂያ ጽፈን ፋይሉን እንዘጋዋለን። ልጅቷም ወደ ትምህርቷ ትመለሳለች። ሰጥተሃታል?»

ማስጠንቀቂያ። አንድ ወረቀት። ከዚያ የበለጠ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ጥግ ላይ ያለውን ሰው አየሁት። አንድም ቃል አልተናገረም። አላስፈራራኝም፤ አላፈጠጠብኝም፤ እንዲያውም የሚያየው ጫማውን ነበር። ስለዚህ አስገደዱኝ ልላችሁ አልችልም። ለዓመታት በልቤ ያንን ሰው ስከስሰው፣ ሽጉጥ ሳስታጥቀው፣ ዓይኑን ሳቀላው ኖሬያለሁ። ውሸት ነው። ሰውየው ጫማውን ነበር የሚያየው።

«አልሰጠኋትም» አልኩ።

ሰብሳቢው ቀና ብለው ለሊሴን አዩዋት። ከዚያ «ታዲያ ቁልፉ እንዴት እጇ ገባ?» አሉ።

«ከመሳቢያዬ ጠፍቶብኝ ነበር።»

አልሰጠኋትም ማለቱ ሳይበቃኝ ሌባ አደረግኋት። ያንን ማንም አላስተማረኝም፤ ከየት እንዳመጣሁት ዛሬም አላውቅም። ፈጥኖ ነው የመጣልኝ፤ ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ የቆየ ይመስል። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊነት ሊሰጠኝ ስሜ ተነስቶ እንደነበር ያን ቅጽበት አስቤ ነበር? አስቤ ነበር። ልጄ ገና ሁለት ወሯ መሆኑንስ? እሱንም አስቤያለሁ። ግን ልጅ ያላቸው ሁሉ ይዋሻሉ እንዴ? የለሊሴም አባት እኮ ልጅ አላቸው።

ለሊሴ አየችኝ። አልጮኸችም። አንድ ነገር ተናገረች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ድምፅ ግን አልወጣም።

«ምን አልሽ? ጎላ አድርጊው» አሏት ሰብሳቢው።

አልደገመችውም። ምን ብላ እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ያን ድምፅ ለማውጣት ሦስት ወር ፈጅቶብን ነበር፤ ለማፈን አንድ ቃል በቃኝ።

ከዩኒቨርሲቲው ተባረረች። ከዚያ ለፖሊስ ተላልፋ አምስት ወር ታሰረች። እኔ በሚቀጥለው ሴሚስተር የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሆንኩ።

ስለ ግቢው ልንገራችሁ። ትምህርት ሲጀመር ክፍሉ እንደ ድሮው መሰለኝ። አንድ ቀን ከድር አንባቢ አጥቷል ብለውኝ ተማሪዎቼ ፊት ቆምኩ፤ «በሳምንት አንድ ሰዓት ለከድር የሚያነብ እጁን ያውጣ» አልኩ። ያኔ በተራ ሲያነብቡለት የነበሩት ሁሉ እዚያው ተቀምጠዋል። አንድ እጅ አልወጣም። ትንሽ ቆይቶ ከፊት የተቀመጠ ልጅ፣ ንቀት በሌለበት፣ ጨዋ በሆነ ድምፅ እንዲህ አለኝ፤

«በጽሑፍ ቢሰጡን ቲቸር። እርስዎ ነዎት ያዘዙን የሚል፣ ፊርማና ማኅተም ያለበት።»

ማንም አልሳቀም። ልጁ እየቀለደ አልነበረም።

ሁሉንም ያውቁ ነበር። ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ ግቢ ውስጥ የማይሰማ ነገር የለም። ከዚያ ወዲያ ተማሪዎቼ ማስታወሻ አይዋዋሱም፤ የታመመ ጓደኛ ተኝቶ ይቀራል። አንዱ ለሌላው ከመቆሙ በፊት ከኋላው ማን እንዳለ ያያል፤ እኔን ያገኘኛል፤ ይቀመጣል። ከድር በዚያው ዓመት አቋርጦ ወደ ቡራዩ ተመለሰ። የተማርነው ትልቁ ትምህርት ይሄ ነበር። ያስተማርኩትም እኔ።

እናቴ ደግሞ ነበረች። ሰበታ እሷ ጋ በሄድኩ ቁጥር «ያቺ የደወለችልኝ ልጅ እንዴት ናት? ድምፅዋ እንዴት ደስ ይላል፤ በኦሮምኛ ነው ያጽናናችኝ» ትለኛለች። እኔ «ደህና ናት» እላታለሁ። እናቴ ይህንን እየጠየቀችኝ፣ እኔም ደህና ናት እያልኳት ሁለት ዓመት ኖረን አረፈች።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ እሱን መዝለል አሰኝቶኝ ነበር። ለሊሴ ታስራ ሳለ አባቷ ኦቦ ዳዲ ከሱሉልታ ተነስተው ቢሮዬ መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮታቸው ትከሻው ላይ የተጣፈ ሰው ናቸው። በእግራቸው ብዙ መንገድ ሳይመጡ አልቀሩም፤ ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነበር። ጭቃው ምንጣፉን እንዳይነካ ብለው በር ላይ ሊቆሙ ፈለጉ። አስቀመጥኳቸው። ዕድሜያቸው የአባቴ ሆኖ አንቱ ይሉኝ ነበር።

«ልጄ ስለ አንቱ ሳታወራ ቀን አይመሽም ነበር» አሉኝ። «አትፍሪ ያለኝ መምህሬ ነው ትለኝ ነበር። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን አንድ የተማረ ሰው እንዲህ ናት፣ ሥራዋም ይህ ነበር ብሎ ቢጽፍልኝ እንደሚረዳት ነገሩኝ። ሌላ የማውቀው የተማረ ሰው የለኝም።»

አያውቁም ነበር። አልነገረቻቸውም።

ያኔ መናገር እችል ነበር። ኦቦ ዳዲ፣ ልጅዎትን ያሳሰርኳት እኔ ነኝ ማለት እችል ነበር። ወይም ሳልናገር መጻፍ እችል ነበር፤ ወረቀቱም እስክርቢቶውም ጠረጴዛዬ ላይ ነበሩ። «እጽፋለሁ አባቴ፣ ሳምንት ይመለሱ» አልኳቸው። ተነስተው እጄን በሁለት እጃቸው ጨብጠው «ገለቶማ» አሉኝ፤ አመሰግናለሁ ሲሉ። ሳምንት ተመለሱ። ቢሮዬን ቆልፌ ወጥቼ ነበር። የሚቀጥለውም ሳምንት መጡ አሉኝ። ከዚያ በኋላ መምጣታቸውን አልሰማሁም፤ አልጠየቅሁምም።

አልሰጠኋትም ያልኩት በድንጋጤ ነው ብላችሁ ልታዝኑልኝ ትችሉ ይሆናል። ይሄኛው ግን ድንጋጤ አይደለም። ይሄኛው ሦስት ሳምንት የፈጀ ነው።

ዓመታት አለፉ። አምና የአንድ የሥራ ባልደረባዬ እናት አርፈው ለቅሶ ለመድረስ ሱሉልታ ሄድኩ። ድንኳን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡትን ሰው ፈራ ተባ እያልኩ ስለ ኦቦ ዳዲ ጠየቅኋቸው። «እሳቸውማ ሞቱ» አሉኝ፤ «ልጃቸው ግን እዚህ አስፋልቱ ዳር ሱቅ ተቀጥራ ትሠራለች።»

ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አትጠይቁኝ። ሚስማርና ቀለም የሚሸጥበት ሱቅ ነው። ለሊሴ ከባንኮኒው ኋላ ቆማለች፤ ወፍራለች፤ ነጠላዋን ከግንባሯ ዝቅ አድርጋዋለች። ከጎኗ የባለሱቁ ልጅ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ትመስለኛለች፣ የሒሳብ ደብተሯን ከፍታ «ለሊሴ፣ እስቲ ይቺን አሳዪኝ፤ ነገ ፈተና አለብኝ» ትላታለች። ካለሁበት ጥያቄው ይታየኛል። ያኔ ለሊሴ ዓይኗን ጨፍና የምትሠራው ዓይነት ነው።

«አላውቀውም» አለቻት፣ ደብተሩን ሳታየው። «ሌላ ሰው ጠይቂ።»

ልጅቷ ተነጫንጫ ወደ ጓዳ ገባች። ያን ጊዜ ለሊሴ ቀና ብላ አየችኝ፤ ወዲያው አወቀችኝ።

«ቲቸር። እንደምን ነዎት? ቤተሰብ ደህና ነው?»

አንቱ አለችኝ። አንተ ብላ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የመጣልኝን ዘባረቅሁ፤ ደብዳቤውን አሁን ልጻፈው፣ ሴኔቱ ድረስ እሄዳለሁ፣ እመሰክራለሁ፣ ትምህርትሽን ትቀጥያለሽ አልኩ። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«አባቴ እስኪሞት ድረስ ይጽፋል እያለ ነበር» አለች። «በር ላይ ሰው ሲመጣ መምህሩ ይሆናል ይል ነበር።»

«ለምን አልነገርሻቸውም? እኔ ያደረግሁትን ለምን አልነገርሻቸውም?»

የባለሱቁ ልጅ ትታው የሄደችውን ደብተር ዘጋችው።

«ከእርስዎ ሌላ የሚያምነው የተማረ ሰው አልነበረውማ» አለች። «እሱንም ብወስድበት ምን ይቀረው ነበር?»

ደንበኛ ገባ። ሁለት ኪሎ ሚስማር ጠየቃት። ዞራ መመዘን ጀመረች፤ ወደ እኔ አልተመለሰችም። ትንሽ ቆሜ ወጣሁ።

ይቅርታ አላልኳትም። ደብዳቤ፣ ሴኔት፣ ምስክርነት ስል ያቺን አንዲት ቃል ሳልላት ወጣሁ። ደብዳቤውን ግን ጻፍኩት፤ በዚያው ሳምንት አስገባሁት። ፋይሉ የቆየ ስለሆነ ሊገኝ አልቻለም የሚል መልስ መጣልኝ። መልሱን ሳነብብ ቅልል አለኝ። ይህንንም ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ ቅልል አለኝ።

እናንተ ደግሞ ዘመኑ ክፉ ነበር እንዳትሉልኝ። ዘመኑማ ክፉ ነበር። በዚያው ክፉ ዘመን አንዲት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ የእናቴን ስልክ በቃሏ ይዛ ትዞር ነበር። ይቅር በሉኝ ብዬ አልለምናችሁም፤ ይቅር ማለቱ የእናንተ አይደለም። የእሷ ነው፤ እሷንም ገና አልጠየቅኋትም።